የአናናስ ውሃና የአርብ ጫት

ሳጂዳ መጠርጠር ልማዷ ነው። ሌላው ሰው ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ይታጠባል፤ እሷ ግን መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደተቀዳ ትጠይቃለች። የብር ኖት ሲሰጧት ወደ ብርሃን አንስታ ታያለች፣ እንቁላል ስትገዛ ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ትነቀንቃለች፣ "ወደድኩሽ" ያላትን ወንድ ደግሞ "ምን ፈልገህ ነው?" ብላ ታፈጥበታለች። ቤተሰቦቿ ይህን ጠባይ ከአባቷ ነው የወሰደችው ይላሉ። አባቷ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የታወቀ የጫት ነጋዴ ነበር። ከላይ ለምለም ቅጠል ተደርጎ ከውስጥ የትናንት የተሸጎጠበትን የጫት እስር፣ ዙርባውን፣ ገና ሳይፈታ በእጁ መዝኖ ብቻ ያውቀው ነበር።

ጭሮ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለችው ሱቅ ከእሱ የቀረች ናት። በሱቋ የሚሠሩት ሳጂዳና እናቷ ሀሚዳ ሲሆኑ፣ ቤቱ ግን በአጎቷ በበድሪ ስም ነው። ወደ ቦኬም ሆነ ወደ መሰላ፣ ወደ ቦርደዴም ቢሆን የሚሄድ ሰው በዚያች ሱቅ በር ሳያልፍ አይሳፈርም። ከምሳ በኋላ የበርጫ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ቃሚው ጫቱን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣና አብሮ የሚጠጣ ነገር ይገዛል። ድሮ የሚወሰደው ለስላሳ ነበር። አሁን ግን ግማሹን ቃሚ ሐኪም "ስኳር ተው" ብሎታል፣ ግማሹ ደግሞ እስኪባል አልጠበቀም። ሁሉም የሚጠይቀው ስኳር የሌለው፣ ጋዝ ያለውና የሎሚ ወይም የአናናስ ጣዕም የገባበትን ውሃ ሆኗል። ትላንት "አንድ ሃይላንድ ስጪኝ" ይል የነበረ ሽማግሌ ዛሬ "የአናናሱ ቀዝቅዟል?" እያለ ይጠይቃል።

ሳቢት ጭሮ የመጣው ይህ ገበያ ሲሟሟቅ ነው። "ጠል" የሚባል አዲስ ባለ ጣዕም ውሃ በምዕራብ ሐረርጌ እንዲያስገባ ኩባንያው ላከው። የስልጤ ልጅ ነው፤ መርካቶ ተወልዶ መርካቶ ያደገ፣ ረጋ ያለ፣ ሲስቅ በአንድ ጉንጩ ብቻ የሚስቅ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጥላት ሳጂዳ አልነካችውም።

"ስኳር የለውም?"

"ጠብታ የለውም።"

"ታዲያ ለምን ይጣፍጣል?"

"የአናናስ ጣዕም ስላለው ነዋ።"

"አናናሱ የታለ?"

ሳቢት ጠርሙሱን አገላብጦ አየው። "አናናሱ እንኳን… ሽታው ነው ያለው።"

"አቦ ተው! አናናስ የሌለበት የአናናስ ውሃ! አረፋውስ? ይሄ ቢራ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?"

ሳቢት ክዳኑን ከፈተ፣ ግማሹን ጠጣ፣ ጠርሙሱን መልሶ ባንኮኒው ላይ አደረገና እጁን አጣጥፎ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ "እስካሁን አልሰከርኩም" አላት። ሳጂዳ ሳቋ እንዳያመልጣት ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ዞሮ ሲያያት ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ማን ቀድሞ እንዳቀረቀረ ሁለቱም አያውቁም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጣ። ከሾፌሩ ከታጁዲን ጋር አይሱዙውን አቁሞ፣ ተሸካሚ እያለ እሽጉን ራሱ ተሸክሞ ያስገባል፣ የእናቷን ጤና ይጠይቃል፣ የሚሄድበትን ሰበብ እያጣ ይቆያል። ወደ ሌሎቹ ከተሞች ሲወርድ ደግሞ በስልክ "ጭሮ ዘነበ?" ብሎ ይጽፍላታል። እሷም ጽሑፉን ደጋግማ ታነብና "ይሄ ሰው ዝናቡን ለምን ፈለገው?" ትላለች። ዝናቡን እንዳልፈለገው ልቧ ያውቃል። ወዳዋለች ማለት ያንስባታል፤ የአይሱዙው ጥሩምባ ከሩቅ ሲሰማ ሻርፗን የምታስተካክለው እጇ ሳታዘው ነው። ይህን ግን ለራሷም ቢሆን አላመነችም።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የአጎቷ ሚስት ሙሚና ደወለች። ከጀርባዋ እልልታ ይሰማል።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! እንኳን ደስ ያለሽ!"

"ምን ተገኘ?"

"ምን ተገኘ ትለኛለች! ያ የውሃው ልጅ ሼህ ሙሐመድአሚንንና ታጁዲንን ይዞ ቤታችን ጫት አገባ። ሼሁ ተናገሩ፣ አጎትሽ ተቀበለ፣ ዱዓው ተደረገ፣ አሁን እየቃሙ ነው። ሳምንት አርብ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ይመለሳሉ። ማሻአላህ፣ ልጁ ደግሞ እንዴት ጨዋ ነው! አንድ ቃል አይወጣውም፣ ፈገግ እያለ ራሱን መነቅነቅ ብቻ ነው።"

በጭሮና በዙሪያው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል። ሽማግሌ ጫት ይዞ ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት ከገባ የመጣው ልጅቷን ሊጠይቅ ነው። ጫቱ ሳይፈታ ከተመለሰ እምቢታ ነው፤ ተፈትቶ ከተቃመ ልጅቷ ተሰጥታለች። ከተቃመ በኋላ ነገሩ የፈረሰ እንደሆነ ግን ለልጅቷ ወዮላት። "ጫቷ የተመለሰ" ይሏታል፣ ይህም ስም በሄደችበት ሁሉ ቀድሟት ይደርሳል።

ሳጂዳ ስልኩን ዘግታ ከእሽጎቹ ጀርባ ገባችና አለቀሰች። የደስታ ነበር። ደስታው ግን እንባዋ ሳይደርቅ መሻከር ጀመረ። ለምን አስቀድሞ አልነገረኝም? ዝናብ የሚጠይቅ ሰው ይሄን ለመናገር አፍ አጣ?

*

ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙው መጣ። የጫነው ባለ መስታወት በር ትልቅ ፍሪጅ ነበር። ሳቢት ከታጁዲን ጋር ተጋግዞ አውርዶ አስገባው። ፊቱ በርቷል። ሳጂዳ አዲሱን ሻርፗን አድርጋለች፣ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም፣ ጆሮዋ ግን ቆሟል።

"ሳጂዳ፣ አጎትሽ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው! እኔ እኮ ያስለፉኛል ብዬ ነበር፣ ወዲያው እሺ አሉኝ።"

"አዴራ በድሪ ቶሎ እሺ ብሎ አያውቅም" አለች ቀስ ብላ። አጎቷን እንደ አገሩ ወግ "አዴራ" ነው የምትለው።

"እውነት? እንግዲያው ዕድለኛ ነኝ።"

ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች። ሳቢት ግን ወደ ግድግዳው ዞሮ "ሶኬቱ በየት በኩል ነው?" አለ።

አሳየችው። ፍሪጁን ሰካው፣ መደርደሪያዎቹን አስተካከለ፣ የሎሚውን ከላይ የአናናሱን ከታች አደረገ። "እዚህ ውስጥ ከጠል ሌላ ምንም እንዳታስገቢ፣ አደራ። የኩባንያው ሕግ ነው።"

"ሌላስ የምትለኝ የለም?"

ሳቢት አሰበ። የምር አሰበ። "አዎ፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ይበል። አለዚያ ይግላል።"

መኪናው ከሄደ በኋላ ሳጂዳ ፍሪጁን እያየች ቆመች። የሚያምር ፍሪጅ ነው። እንደዚያ የጠላችው ዕቃ ግን ኖሯት አያውቅም።

ነገሩን የባሰ ያቆሸሸችው ጎረቤቷ ሕይወት ናት። ሕይወት አጠገቧ ፎቶ ቤት አላት፤ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ያየችውንና የሰማችውን ግን ማሳደር አትችልም። "ለቦርደዴዋ ረዲያም እኮ እንዲሁ ያለ ፍሪጅ ገብቶላታል" አለቻት። "ቆንጆ ናት አሉ። ሳቢት እዚያ ሲደርስ ምሳ ሳይበላ አይነሳም። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሾፌሮች ሲያወሩ ሰምቼ ነው።"

ሰኞ ጠዋት ሳጂዳ ለእናቷ "የጅምላ ዋጋ ላጣራ" ብላ የቦርደዴ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ተኝታ ያላደረች ልጅ መሆኗን ሀሚዳ ከዓይኗ አይታ ነበር፤ አልጠየቀቻትም እንጂ።

*

ከጭሮ ደጋ ወደ ሚኤሶ ሲወረድ ብርዱ እየቀረ ይሄዳል፣ ቦርደዴ ሲደረስ ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ይታከካል። ሳጂዳ ከመኪና ወርዳ የረዲያን ሱቅ ለማግኘት አልተቸገረችም። ከሩቅ የታያት ያ ፍሪጅ ነው። ቀጥ ብላ ገባች።

ረዲያ በእርግጥ ቆንጆ ነበረች። እንስራ የመሰለ ቁመናዋ አልጠፋም፣ ጥርሷም በረዶ ነው። ጭኗ ላይ ግን የልጅ ልጇ ተኝቷል፣ ባሏ ደግሞ ከጀርባ ባለው ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ሬዲዮ ያዳምጣል። ሳጂዳ ተነፈሰች። ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት ብላ በራሷ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። እንደ መንገደኛ አንድ የአናናስ ውሃ ጠየቀችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"ጥሩ ነው አይደል?" አለች ረዲያ። "እኔም መጀመሪያ ጠርጥሬው ነበር። አሁን ግን የሾፌር ሁሉ መጠጥ ሆኗል። የሚያመጣልን ልጅ ደግሞ የጨዋ ልጅ ነው፤ ከዚህ ሽማግሌ ጋር ምሳ ሳይበላ አይሄድም።"

"ጭሮም አይቼዋለሁ መሰለኝ" አለች ሳጂዳ።

"ጭሮማ አሁን ነው የደላው! መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለች አንድ ሱቅ አለች አሉ፣ እሷ ካልተያዘች መስመሩ ዋጋ የለውም ሲል ነበር የከረመው። ትላንት በዚህ ሲያልፍ በደስታ ሊሞት።" ረዲያ ሳቋ መጣባት፣ ሕፃኑ እንዳይነቃ አፏን ያዘች። "'በአገራችሁ ደንብ ሽማግሌና ጫት ይዤ የልጅቷን አጎት ለፍሪጁ ቦታ ጠየቅኳቸው' አለኝ። 'በኦሮምኛ ስለተነጋገሩ ብዙም አልገባኝም፣ ግን እንዲህ ያለ ክብር አይቼ አላውቅም፣ ሴቶቹ እልል አሉልኝ' ይላል! ለፍሪጅ እልልታ! በሳቅ ስፈርስ ጊዜ እሱም አብሮኝ ይስቃል፣ ምን እንዳደረገ የት አውቆ። ልንገረው ስል መኪናው ተነሳ።" ከዚያ ሳቋን አቆመችና ራሷን ነቀነቀች። "ምስኪን፣ እኔስ ያቺ ልጅ ናት ያሳዘነችኝ። ይሄኔ ሂና ታስመርጥ ይሆናል።"

ሳጂዳ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ጨበጠችው።

"ምነው ልጄ? ፊትሽ ተለወጠ።"

"ሙቀቱ ነው" አለች።

የተመለሰችበትን መንገድ አላየችውም። በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ታለቅሳለች እንዳይሏት ሻርፗን እስከ ዓይኗ አወረደችው። መጀመሪያ ያፈረችው በደስታዋ ነው፤ ከእሽግ ጀርባ ገብታ ለፍሪጅ ማልቀሷን ስታስታውስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ሚኤሶን ሲያልፉ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት፣ ከመጀመሪያውም የከፋ። ባያውቅ ነው? መርካቶ ያደገ ነጋዴ፣ ወራት ሙሉ በሐረርጌ የዞረ ሰው፣ ይህን አላወቀም? አውቆ ቢሆንስ? ሱቁን ከነልጅቷ ለመጠቅለል አስቦ፣ ለረዲያ የዋህ መስሎ ቢሆንስ? ካላወቀ አልወደዳትም፤ ካወቀ ደግሞ የወደደው የመናኸሪያውን በር ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻላት ጭሮ እስክትደርስ ልትወስን አልቻለችም።

*

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ታጁዲን ብቻውን መጣ። መኪናውን ሩቅ አቁሞ በእግሩ ነው የመጣው። ቆቡን እያሻሸ በሩ ላይ ቆመ።

"ሳጂዳ፣ አፉ በይኝ።"

"ምን አደረግከኝ?"

"ወላሂ ጥፋቱ የእኔ ነው። 'ስለ ሳጂዳ ሱቅ አጎቷን ማናገር አለብኝ፣ በእናንተ አገር እንዴት ነው የሚኬደው?' አለኝ። እኔ ደግሞ ሱቁ ሰበብ መሰለኝ! እዚህ ሲደርስ ዓይኑ የሚሆነውን ስንት ጊዜ አየሁ! አፍሮ ነው ብዬ ሼህ ሙሐመድአሚንን ለመንኩለት፣ ጫቱን ራሴ መረጥኩ። ዛሬ ጠዋት 'ለአርቡ ቤተሰቦችህ መቼ ይመጣሉ?' ስለው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ አልተነሳም።"

"አሁን ሁሉንም ያውቃል?"

"ሁሉንም ነገርኩት። ነገሩ ቢፈርስ በአንቺ ላይ የሚመጣውንም ጭምር።"

"እኔ ማወቄንስ?"

"የለም፣ እሱን አላወቀም። እኔም አንቺ እንዳወቅሽ አሁን ገና ከፊትሽ ነው ያየሁት።"

"እንዳትነግረው።"

"ሳጂዳ…"

"ወላሂ በል።"

ታጁዲን ማለ። እየማለም ልጅቷ ምን እያሰበች እንደሆነ ገብቶት ራሱን ይዞ ወጣ። የምታስበውም ይህ ነው። ሳቢት ይመጣል፣ እሷም ምንም እንዳልሰማች ሆና አርብ ለምን አጎቷ ቤት እንደሄደ ትጠይቀዋለች። "ለአንቺ ብዬ ነው" ካላት ዋሽቷታል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። አርብም አጎቷ ፊት ቆማ ራሷ ታፈርሰዋለች፣ ጭሮም የፈለገውን ስም ያውጣላት።

ያስፈራት ግን ሌላ ነገር ነበር። እንዲዋሻት መመኘቷ ነበር ያስፈራት።

ሳቢት የመጣው ቃሚው ሁሉ ገዝቶ ወደየበርጫው ከገባ በኋላ ነው። ሱቁ ጭር ብሏል። ከባንኮኒው ወዲያ ቆመ። ከንፈሩ ደርቋል። ሳጂዳ ፈገግ አለችለት፤ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ፈገግታ ለማንም ሰጥታ አታውቅም።

"ሳቢት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አርብ ዕለት አጎቴ ቤት ለምን ነበር የሄድከው?"

አያት። ከዚያ እጁን አየ። ሳጂዳ አፉን እያየች የገዛ ትንፋሿን ያዘች። በል፣ አለች በልቧ። ለአንቺ ነው በለኝ። ዋሸኝና ልመንህ።

"ለፍሪጁ ነበር" አለ ሳቢት።

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ታውቀው ነበር እኮ። ከረዲያ ሰምታዋለች፣ ከታጁዲን ሰምታዋለች። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን እንደ አዲስ አመማት፣ የባንኮኒውን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

"ጫቱ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም ነበር" አለ። "ታጁዲን ዛሬ ነው የነገረኝ። ከዚያ እዚህ ድረስ በመንገድ ላይ 'ለአንቺ ነው የሄድኩት' ማለትን እየተለማመድኩ ነው የመጣሁት። ይህን ብል ሁሉም ነገር ይድናል፣ አንቺም አትዋረጂም ብዬ። በሩ ላይ ስደርስ አቃተኝ።"

"ለምን አቃተህ?"

"አንቺ በአናናስ ውሃ ውስጥ አናናሱን የምትፈልጊ ሴት ነሽ። ለአንቺ ሽታ ብቻ መስጠት አልችልም።"

ሳጂዳ እንባዋ ሲመጣ ተናደደችበት። "ትወደኛለህ ወይስ አትወደኝም? እሱን ብቻ ንገረኝ።"

"እወድሻለሁ። ቢራ ነው ካልሽኝ ቀን ጀምሮ እወድሻለሁ።"

"እንግዲያው ለፍሪጅ ሽማግሌ የፈለግክ ሰው ለእኔ ለምን አልፈለግክም?"

ይህን ጥያቄ ነበር ሲፈራ የኖረው። ሳቢት ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም፤ ቢያነሳ ሳይቀለው አይቀርም ነበር።

"ፈርቼ። እናቴ አዲስ አበባ ያሰበችልኝ ልጅ አለች፣ የዘመድ ልጅ። እሺም አላልኳትም፣ እምቢም አላልኳትም። ዝም አልኩ፤ እሷም ዝምታዬን እሺታ አድርጋ ወሰደችው። አንቺ ጋ ስሆን ዛሬ ደውዬ እነግራታለሁ እላለሁ። ድምፅዋን ስሰማ አፌ ይያዛል። ስንት ወር እንዲህ ሆኜ ነው ዝናብ ስጠይቅሽ የከረምኩት።"

"ሌላ ሴት ታስቦልህ ነው በየሳምንቱ እዚህ በር ላይ ስትቆም የነበረው?"

"አዎ።"

"ፈሪ ነህ!"

"ነኝ።"

ልትመታው ፈለገች፤ ደግሞም ግንባሯን ደረቱ ላይ አድርጋ ልታለቅስ ፈለገች። ግራ የገባት ነገር ንዴቷ መሐል ቀስ ብሎ የተቀመጠው ዕረፍት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው የሚነግራትን እየገለጠች ከሥሩ ስትፈልግ ኖራለች። ይህ ሰው አሁን የነገራትን ብትገልጠው ከሥሩ ምንም አታገኝም። እንዲህ ራሱን አዋርዶ የሚዋሽ ሰው የለም።

"አርብ ቀን ሊቆርጡ ይመጣሉ" አለች እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች። "አዝነህልኝ እንድታገባኝ አልፈልግም። ጫቷ የተመለሰ እንዳትባል ብለህ ወንድነት እንዳታሳየኝ። በስህተት የምሰጥ ዕቃ አይደለሁም። ዛሬ ማታ አዴራ በድሪ ጋ ሄጄ ራሴ አፈርሰዋለሁ።"

"የሚሉሽን ታጁዲን ነግሮኛል።"

"ይበሉኝ! ሲደክማቸው ይተዉታል።"

ይህን ስትል አገጯ ተንቀጠቀጠ። ሳቢት ያችን አገጭ አየና ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

"ዛሬ ማታ ከመሄድሽ በፊት ጠብቂኝ። አሁኑኑ ለእናቴ እደውላለሁ።"

"አሁን? እዚህ?"

"እዚህ፣ ፊትሽ። ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ፣ የምላትንም የምትለኝንም ሁሉ ትሰሚያለሽ። እምቢ ብትለኝም ስትል ትሰሚያለሽ። ከዚህ በኋላ በእኔ ላይ የምትጠረጥሪው ነገር እንዲቀር አልፈልግም።"

ቁጥሩን ነካና ስልኩን ባንኮኒው ላይ በመሐላቸው አኖረው። ጥሪው ሱቁን ሞላው። ሳጂዳ ስልኩን አየች፣ እሱን አየች። ግንባሩ ላይ ላብ ወጥቷል፣ እንደ ታመመ ሰው ነው የሚተነፍሰው።

"ሳቢቴ!" አለ የእናትየዋ ድምፅ፣ የሚሞቅና የሚወድ ድምፅ። "በዚህ ሰዓት ደውለህ አታውቅ፣ ምነው ልጄ፣ ሰላም ነህ?"

"ሰላም ነኝ እማዬ። አንድ… አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።"

"ምን ሆንክ? ድምፅህ ምን ሆነ?"

የሳጂዳ እጅ ሳታዘው ተዘረጋ። የስልኩን ድምፅ ማጉያ አጠፋችና ስልኩን አንስታ ጆሮው ላይ አስያዘችው። ሳቢት ግራ ተጋብቶ ሲያያት ራሷን ብቻ ነቀነቀችለት፤ ከዚያ ባንኮኒውን ዞራ በሩን ከውጭ ዘግታበት ወጣች።

ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል። ረዳቶች "ቦኬ! ቦኬ! ሁለት ሰው ቦኬ!" እያሉ ይጮኻሉ። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን ለሱቁ በር መስታወት ሰጠች። ዞራ ብታይ ፊቱን ታየዋለች፣ ከፊቱም መልሱን ታነባለች። አልዞረችም። እናቷ ሀሚዳ ከገበያ ዘንቢሏን ይዛ ስትመጣ እንደዚያ ሆና አገኘቻት።

"ሱቁን ለማን ጥለሽ ነው እዚህ የተቀመጥሽው?"

"ሳቢት አለ።"

"ምን ይሠራል?"

"ከእናቱ ጋር እያወራ ነው። ስለ እኔ።"

ሀሚዳ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። "ስለ አንቺ? ምን እያላት ነው?"

"አላውቅም እማ።"

ሀሚዳ ልጇን ትክ ብላ አየቻት። ይህን ቃል ከሳጂዳ አፍ ሰምታ አታውቅም። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ በልጇ ትከሻ በላይ በመስታወቱ ወደ ውስጥ ተመለከተች፤ ብዙም ሳትቆይ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ያ አላህ! ሳጂዳ፣ ልጁ እኮ…"

"አትንገሪኝ" አለች ሳጂዳ። የእናቷን እጅ ፈልጋ ያዘችው። እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። "አትንገሪኝ እማ። ሲጨርስ ራሱ ይነግረኛል።"